ሞተሩ የጠጣው

አባዬ የወደቀ ቀን ጠዋት፣ ሞተሩ ግንባሩ ላይ እምነት ተቀብቶ ነበር።

ግንባር የምለው የፊት መብራቱን ነው። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችውን አመድ በአውራ ጣቷ መስቀል አድርጋ ቀብታው፣ እኔና ቤንጃሚን አይተን በሳቅ ልንፈነዳ። ድምፅ አውጥተን ግን አይደለም። እኔ በግራው ስፖኪዮ አየሁት፣ እሱም በዚያው መስታወት አየኝ፣ ወዲያው ሁለታችንም ብሎን እንደጠፋበት ሰው አቀርቅረን ቀረን። ስምንት ወር ሙሉ የተዋደድነው እንደዚህ ነው፤ የሻይ ሰሃን በምታክል ክብ መስታወት ውስጥ፣ አባዬ መሀላችን የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ።

ቆይ፣ ከሥሩ ልንገራችሁ፣ አለዚያ እናንተም እንደ ጓደኛዬ እንደ ሱመያ «ወይት፣ ወይት፣ ማነው ደግሞ ቤንጃሚን?» ትሉኛላችሁ።

አባዬ፣ አቶ ስምዖን ማለት ነው፣ ጎረምሳ እያለ አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር ፖስታ ያደርስ ነበር። መንዳት ያውቃል፤ መፍታትና መግጠም ግን ወላ ሀንቲ። ሆኖም የዛሬ ዘጠኝ ዓመት እኔን በሠላሳ ሰባት ዓመት የሚበልጥ የእንግሊዝ ሞተር፣ በአራት ካርቶን እንደተበታተነ ገዛና ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን ከፍላታችን ስር ባለው ሼድ ውስጥ ደረደረው። ዘጠኝ ዓመት! እማዬ ሼዱን «የስምዖን መቃብር» ነበር የምትለው። ባለፈው መስከረም አንድ ሰው ለአባዬ፣ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ከባቡር ሐዲዱ ስር ያለ ጋራዥ ውስጥ አሮጌ ሞተር ከሞት የሚያስነሳ የሐበሻ ልጅ አለ አለው። ልጁ ቤንጃሚን ነው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ጥፍሩ ሁሌ ጥቁር ነው፣ አስር ቃል ስታወሩት ሁለት ይመልሳል። እና ችግሩ እዚህ ጋ ነው፤ አባቱ ቶተንሃም ያለው የአማርኛ ቸርች ፓስተር ናቸው። ጴንጤ። የጴንጤ ፓስተር።

እናቴ ደግሞ እታለማሁ ናት። ረቡዕና ዓርብ ወተት የነካ ማንኪያ የማታነሳዋ እታለማሁ።

«ልጁ ጨዋ ነው፣ እጁም የተባረከ ነው» አለች ገና መጀመሪያ ቀን። «ሼዱ ድረስ ይምጣ።»

ሼዱ ድረስ። ገባችሁ? ደረጃውን አይወጣም ማለት ነው። ስምንት ወር ሙሉ በየቅዳሜው ሻዩን ይዤለት የምወርደው እኔ ነበርኩ። እሷም በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ «ለልጁ ስኳር ስንት ነው?» ብቻ።

አባዬ ግን ወደደው። እሱ ዛሬም የሚያወራው ያኔ የአዲስ አበባ ጋራዦች ይሉት የነበረውን ነው። ነዳጁ የሚቀመጥበትን ሰርባትዮ፣ እሳት የምትሰጠዋን ካንዴላ ይላል። ቤንጃሚን መጀመሪያ ቀን «ካንዴላ? ላይክ፣ ሻማ?» ሲል አባዬ ከወንበሩ ሊወድቅ። ከወር በኋላ ልጁ ራሱ «ጋሽ ስምዖን፣ ካንዴላውን ያቀብሉኝ» ማለት ጀመረ። አባዬ ያን ቀን እሱን ባየበት ዓይን እኔን እንኳ አይቶኝ አያውቅም።

ሞተሩ በመጋቢት ተነሳ። ግን መነሳት ሌላ፣ መሄድ ሌላ። «ከሆስፒታል እንደወጣ ሰው ነው፣ ዛሬ ይሄ ነገ ያ ያመዋል» ይላል ቤን። መጀመሪያ ዘይት አንጠባጠበ። እሱ ሲዳን፣ ጥሩምባው በተነካ ቁጥር መብራቱ የሚጠፋበት በሽታ መጣ፤ አንዲት የላላች ሽቦ ነበረች። ከዚያ አባዬ ሊነዳው ቅዳሜ ቀጠሮ ተይዞ፣ ሦስት ቀን ሲቀረው አዲስ በሽታ ጀመረው። አስር ደቂቃ ይሄድና ያስላል፣ ይንተፋተፋል፣ ቀጥ ይላል።

ቤን ካርቡሬተሩን ከስር ፈታው። ውሃ! ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፣ ሞተሩ ደግሞ የሚጠባው ከታች ነው።

«ዝናብ ነው» አለ የሼዱን ጣሪያ እያየ። በእርግጥም ልክ ከሞተሩ በላይ ያንጠባጥባል። «የሰርባትዮው ክዳን ላስቲክ አርጅቷል።» አዲስ ላስቲክ ከኪሱ አወጣና ለእኔ ሰጠኝ። «አንቺ ግጠሚው፣ ኪዲ።» ቃልኪዳን ነው ሙሉ ስሜ።

እኔ ገጠምኩት። እሱ እጁን ኪሱ ከቶ በስፖኪዮው እያየኝ ቆመ። ክዳኑን አልነካውም። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። አባዬ ከረቫት አስሮ ወጣ፤ ሲሪየስሊ፣ ከረቫት! እኔ ኬንቲሽ ታውን ሮድ ጥግ ላይ ቆሜ በስልኬ እቀርፃለሁ፣ ቤን በራሱ ሞተር ከኋላው ይከተላል። አባዬ ሄደ፣ ዞረ፣ ሊመለስ መንገዱን ሲያቋርጥ ሞተሩ አንዴ አሳለና ጸጥ። መሀል መንገድ። አባዬ እግሩን መሬት ሰደደ፣ ግን ሁለት መቶ ኪሎ ብረት በአንድ እግር አይያዝም። አብሮት ተገለበጠ። አውቶቡሱ የቆመው ከራሱ አንድ ስንዝር ላይ ነው። ቪዲዮው ውስጥ የሚሰማው ጩኸት የኔ ነው።

ቤን ነው ሮጦ ሞተሩን ከላዩ ያነሳለት። እኔ ደግሞ ደርሼ ምን አልኩት መሰላችሁ? ምነው ምላሴ በተቆረጠ።

«አባቴን ልትገድለው ነበር! እናንተ ቸርች ውስጥ እጅ ማንሳት እንጂ ብሎን ማጥበቅ የት ታውቃላችሁ!»

አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያየናል። ቤን ጎንበስ ብሎ የአባዬን ጫማ አነሳ፤ ወልቆ ነበር። እያየኝ «ይቅርታ» አለ። አንዲት ቃል። ያቺ ቃል ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ነሳችኝ።

የአባዬ ክንድ ተሰብሯል። ሞተሩን ቤን ወደ ጋራዡ ወሰደው። አባዬ «ደጄን እንዳይረግጥ» አለ፤ የተናደደ ሰው አይመስልም፣ ልጁ የከዳው አባት እንጂ። እማዬም «እኔ ከመጀመሪያውም» ብላ ጀምራ አልጨረሰችውም። እኔ ደግሞ መልእክት እጽፋለሁ፣ አጠፋለሁ። «ይቅርታ» የሚለውን ብቻ አርባ ጊዜ ጽፌ አርባ ጊዜ አጥፍቻለሁ። እሱም አልደወለም። ተኳረፍን ነው ወይስ ጨረስን? ከዚህ የሚያስጨንቅ ጥያቄ ካለ ንገሩኝ።

*

በሁለተኛው ቅዳሜ ጠዋት አንድ ቫን መጣ። ቤን መስሎኝ ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለልኩ ወረድኩ። ቲቶ ነው። ቲቶ የጋራዡ ባለቤት ነው፣ ከኮሎምቢያ የመጣ ሽማግሌ፣ ጢሙ ራሱ ዘይት ዘይት የሚሸት። ሞተሩን ተጠንቅቆ አወረደና አንድ ፖስታና አንድ ካርቶን ሰጠኝ።

«እሱስ?» አልኩ።

«ኮቨንትሪ ሥራ አገኘ። ትልቅ ቦታ ነው፣ የድሮ ሞተር ብቻ። ዛሬ ከምሳ በኋላ ይሄዳል።» ትክ ብሎ አየኝና ትከሻውን ሰበቀ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ አልዘፈነም።»

ቤን ይዘፍናል እንዴ? እኔ ሲዘፍን ሰምቼው አላውቅም። ለእኔ ያላሳየኝ ስንት ነገር አለው?

ደብዳቤው ለአባዬ ነው። አባዬ ክንዱ በጀሶ ስለሆነ እማዬ ጮክ ብላ አነበበችው። ፊደሉ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ፊደል ነው፣ ተንጋዷል፣ ግን በአማርኛ ነው የጻፈው።

«ይድረስ ለጋሽ ስምዖን። ክንድዎ እንዴት ሆነ? ሞተሩ አሁን ደህና ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። የሰርባትዮውን ክዳን ላስቲክ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ገልብጬ ገጥሜው ኖሮ ዝናብ አስገብቷል። ሌላ ማንም ሰው አልነካውም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቤንጃሚን።»

«ሌላ ማንም» የሚለው ስር ሁለቴ ተሰምሯል።

«ቢያንስ አመነ» አለ አባዬ ወደ መስኮቱ ዞሮ።

እኔ ግን ጆሮዬ ጭው አለ። ላስቲኩን የገጠምኩት እኔ ነኝ! እኔው በእነዚህ እጆቼ! አባቴን የጣልኩት እኔ ነኝ፣ ከዚያ መንገድ መሀል ቆሜ የሰደብኩት እሱን ነው፣ እሱ ደግሞ እኔን ሸፍኖ ሊሄድ ነው። አባዬን ላየው አልቻልኩም። ካርቶኑን አቅፌ ወደ ሼዱ ሮጥኩ።

ካርቶኑ ውስጥ ከሞተሩ የወጡ አሮጌ ዕቃዎች ናቸው። ቲቶ ሕግ አለው፤ ከደንበኛ ሞተር የወጣ ነገር፣ የዛገች ብሎን ሳትቀር፣ ለደንበኛው ይመለሳል። ካንዴላው አለ። ላስቲኬም አለች። አነሳኋት። የክዳኑ ጠርዝ ያረፈባት ምልክት ዙሪያዋን ክብ ሆኖ ታትሟል፣ አንድም ቦታ አልተቋረጠም፣ ደግሞም በትክክለኛው ፊቷ ነው። አልተገለበጠችም። ጠብታ ውሃ አታሳልፍም።

ታዲያ ለምን ይዋሻል?

ካርቶኑ ስር በጋዜጣ የተጠቀለለ የማርማላታ ብልቃጥ አገኘሁ። ቤን ከካርቡሬተሩ የሚያወጣውን የሚያጠራቅምበት ነው። ከላይ ቢጫ ቤንዚን፣ ከታች ውሃ። ከውሃው ስር ደግሞ ደቃቅ፣ ግራጫ ነገር ተኝቷል። ሳነቃንቀው እንደ ጭስ ተነሳና ቀስ ብሎ ተመልሶ ተኛ።

የፊት መብራቱን ቀና ብዬ አየሁት። ግማሹ የጠፋው መስቀል አሁንም እዚያ አለ። ያው አመድ።

«ሳትደርቢ ወጣሽ፣ ይበርድሻል» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። እማዬ ጃኬቴን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ብልቃጡን አየች። ጃኬቱ ከእጇ ወደቀ።

«እሱ ምንድነው?»

«ከሞተሩ ሆድ የወጣ ነው።»

ጣሪያው ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«ሰባት ቀን ነው ያደረግሁለት» አለች በመጨረሻ፣ የአባዬ ወንበር ላይ ቀስ ብላ እየተቀመጠች። «በየጠዋቱ፣ እናንተ ሳትነሱ። ሰባተኛው ያ ቅዳሜ ነበር።»

«እማዬ… ሰርባትዮው ውስጥ?»

«በአፉ ነዋ! ጠበል ይጠጣል እንጂ እንደ አበባ ላይ ላዩን ይረጫል? እምነቱንም ትንሽ በጥብጬ...»

«ሞተር ነው እኮ!»

«አባትሽ የሚቀመጥበት ነው!» ጮኸች። ከዚያ እንባዋ ወረደ። «የዚህ አገር መኪና አያይም፣ አይሰማም ብዬ ነው። እንዳይወድቅብኝ ብዬ ነው፣ ልጄ። እንዳይወድቅብኝ።»

ከዚያ በፊት እማዬ ስታለቅስ ያየኋት ሁለቴ ነው። ሁለቱም ጊዜ ሰው ሞቶ ነበር።

እጇን ያዝኳት። ቆይታ አፍንጫዋን ጠረገችና «ልጁ አውቋል?» አለችኝ።

«አመዱን አይቷል። መስቀሉንም ያን ዕለት አብረን ነው ያየነው። አውቋል፣ እማዬ።»

«አውቆ ነው 'እኔ ነኝ' ብሎ የጻፈው?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። «ኮቨንትሪ ሥራ አግኝቶ ሊሄድ ነው።»

ተነሳች። ነጠላዋን አስተካከለች። «መቼ ነው የሚሄደው?»

«ዛሬ ከምሳ በኋላ» አልኳትና ቤን ስልክ ላይ አስራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። አያነሳም።

*

ከኬንቲሽ ታውን እስከ ኤሌፋንት ባቡር መቀየር አያስፈልግም፣ ግን ያን ቀን ኖርዘርን ላይን ለንደንን ሁለቴ የዞረ መሰለኝ። እማዬ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ጨብጣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እኔ ላስቲኳን አንጓዬ ላይ እንደ አምባር አጥልቄ አዞራታለሁ። በየጣቢያው በሩ ሲከፈት «ዝጋው፣ ዝጋው፣ ሂድ» እላለሁ። ደግሞ ልክ ልንደርስ ስንል እንዳንደርስ ተመኘሁ። ምን ብዬ ነው ዓይኑን የማየው?

ጋራዡ በር ላይ የቤን የራሱ ሞተር ቆሟል፣ ሻንጣው ከኋላ ታስሯል። ቤን ሄልሜቱን በእጁ ይዟል። መጀመሪያ እኔን አየ፣ ከዚያ አንጓዬን፣ ከዚያ እማዬን። ዓይኑን ጨፈነ።

«ቲቶ» አለ በጥርሱ። «ብልቃጡን ጣለው ብዬው ነበር።»

«ቤንጃሚን» አለች እማዬ።

ስምንት ወር። በስሙ ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነው። እሱም ገባው መሰለኝ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አቤት፣ እትዬ።»

«ለምን ዋሸህ?»

«አልዋሸሁም፣ ላስቲኩን...»

«ላስቲኩን የገጠምኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ሁለታችንም እናውቃለን።»

ከላያችን ባቡር አለፈ፣ ጡቡ ሁሉ ተንቀጠቀጠ።

«ብናገር አባቴ ይሰማል» አለ ቤን መሬት መሬት እያየ። «ጥሩ ሰው ነው፣ እትዬ። ግን ሰባኪ ነው። እሑድ መድረክ ላይ ይወጣና 'አንዲት እናት ነበሩ' ይላል። ስም አይጠራም፣ ግን ሁሉም ሰው ያውቃል። ከዚያ ይስቃሉ። ሦስት መቶ ሰው በእርስዎ እንዲስቅ አልፈልግም።»

እማዬ ግድግዳውን ያዘች።

«ደግሞስ» አለ፣ አሁን ቀና ብሎ፣ «እኔ ብሎን አጠበቅኩለት፣ እርስዎ ጸለዩለት። ሁለታችንም የፈለግነው ጋሽ ስምዖን እንዳይወድቁ ነው። በምን ልበልጥዎት ነው የምናገረው?»

እማዬ ግድግዳውን ለቃ ቀና አለች።

«ቤን» አልኩት። «ያን ቀን ያልኩህ…»

«አትድገሚው። አንዴ ይበቃል።»

«ፈርቼ ነው።»

«እኔም ፈርቼ ነበር፣ ኪዲ።» ድምፁ አልጮኸም፣ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ጋሽ ስምዖን የሞቱ መስሎኝ ነበር። ግን አንቺን ምንም አላልኩሽም።»

እዚያ ጋ አለቀስኩ። ቆንጆ ለቅሶ አይደለም፤ ንፍጥ ያለው፣ ሰው የሚያይበት። እሱ እጁን ዘረጋ፣ ዘይት እንዳለበት አየና መለሰው። ያ የተመለሰ እጅ ከማንም ስድብ በላይ አሳመመኝ።

እማዬ ስልኳን አወጣች። «ሄሎ፣ ስምዖን» አለች፣ ድምፁን ለሁላችንም ከፍታ። «የጣልኩህ እኔ ነኝ።» ከዚያ ሁሉንም ነገረችው። ሰባቱን ቀን፣ አመዱን፣ «በአፉ» የሚለውን ሳይቀር። ምንም አልደበቀችም። ለራሷ ያላዘነች ሰው እንዲህ ስትናገር መስማት ያስፈራል።

ቤን ሄልሜቱን ጨምቆ ሊሰብረው ነው።

«ልጁ እዚያ አለ?» አለ አባዬ።

«አለሁ፣ ጋሽ ስምዖን።»

«ሰርባትዮውን አጥበኸዋል?»

«ሦስቴ።»

«ካንዴላውስ?»

«አዲስ ነው።»

«ሀኪሞቹ ክንዴ ስምንት ሳምንት ይፈጃል ብለውኛል።» አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሞተር ደግሞ ስምንት ሳምንት ሳይነሳ ከቆመ ይደርቃል። አይደለም?»

«ይደርቃል።»

«ታዲያ ማን ነው በየቅዳሜው የሚያስነሳልኝ? ይቺ ቃልኪዳን እንደሆነች እግሯ አጭር ነው።»

ቤን ፊቱን ወደ ጋራዡ አዞረ። ትከሻው ብቻ ነው የሚታየኝ። ከኮቨንትሪ ለንደን ስንት ሰዓት ነው፣ ዝናብ አለ፣ አባቱ ምን ይሉ ይሆን፣ ሁሉም እዚያ ትከሻ ላይ ነበር። ከዚያ «እኔ» አለ። «እኔ አስነሳዋለሁ።»

እማዬ ስልኩን ዘጋችና ቦርሳዋን ከፈተች። ትንሿን የጠበል ጠርሙስ ጫፏን አየኋት። ለመንገዱ ልትሰጠው ነው ብዬ በሆዴ «ኦ ማይ ጎድ፣ እማዬ፣ ፕሊስ» አልኩ። ጠርሙሷን ነካች፣ ቤንን አየችው፣ ተወቻት። ቦርሳዋን ዘጋች። በምትኩ ቀረብ አለችና የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጩ ድረስ ሳብ አድርጋ ዘጋችለት፣ ልክ እኔን ትምህርት ቤት ስትልከኝ እንደምታደርገው።

«ሼዱ ያንጠባጥባል» አለችው። «ቅዳሜ ስትመጣ ሻይህን ከላይ ትጠጣለህ።»

ከላይ። ቤን ደረጃ የሚባል ነገር ገና ዛሬ እንደሰማ ሰው አያት።

ሄልሜቱን አጠለቀ፣ ሞተሩን አስነሳ። ከመሄዱ በፊት ግን እጁን ዘርግቶ የግራውን ስፖኪዮ ትንሽ አዘመመው። መንገዱን እንዳያሳየው አድርጎ፣ እኔን እንዲያሳየው።

ስምንት ወር በመስታወት ስንተያይ፣ አንድም ቀን ዓይኔን ሳልሰብር አይቼው አላውቅም ነበር። ያን ቀን እናቴ ትከሻዬን ይዛ ጎኔ ቆማ፣ አልሰበርኩም።